የዘሩ ዥንጉርጉር ኮፈን

ይህ ታሪክ እውነት ነው። ተነጥሮና ተጣርቶ የወጣ እውነት ነው። አንዲት ቃል የተጨመረበት ከሆነ የጨመረው ምላስ እንደ ቋንጣ ደርቆ ይንጠልጠል፤ አንዲት ቃል የተቀነሰበት ከሆነም የቀነሰው ጥርስ በጥሬ ሽምብራ ይርገፍ። የፍኖተ ሰላም ሰው ያውቀዋል፣ የማንኩሳ ሰው ያውቀዋል፣ የቡሬ ሰውማ በዓይኑ አይቶታል። አላየሁም የሚል ካለ ያን ቀን ታሞ የተኛ ነው፤ እሱም ቢሆን በመስኮት አይቷል።

ዘሩ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ፣ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ሰው የሚያመላልስ ሹፌር ነው። መኪናው ሰማያዊ ዲኤክስ ናት። አሮጌ ናት የሚላት ሰው አይጠፋም፤ ቅናት ነው። ሞተሯ ሲነሣ ጣና ውስጥ የተኛ ጉማሬ «ማን ጠራኝ?» ብሎ ብቅ ይላል። ዳገት ስትወጣ ንስር ክንፉን ሰብስቦ መንገድ ይለቅላታል። ዘሩም ቢሆን እንደ መኪናው ነው። ሃምሳ ዓመት ደፍኗል ብለው የሚያሙት አሉ፤ እሱ ግን «አርባውን ገና እያጣጣምሁት ነው» ይላል።

ሚስት የለውም። ለምን እንደሌለው ሲጠየቅ፣ የጎጃም ቆንጆ ሁሉ ባንድ ጊዜ ስለወደደችው፣ የትኛዋን አስቀድሞ የትኛዋን እንደሚያስቀይም ሲያመነታ ጊዜው እንዳለፈ ያስረዳል። ይህም እውነት ነው። ሥራ ውሎ ሲገባ ግን እነዚያ ሁሉ ቆንጆዎች የት እንደሚሄዱ እንጃ፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው አንድ አልጋ፣ አንድ ሰሐን፣ አንድ ብርጭቆና አንድ ዘሩ ነው። ስልኩ ጢን ሲል ዘሎ ያነሣዋል። የካርድ ቅናሽ ማስታወቂያ ይሆናል። ዘሩ መልእክቱን ጮኽ ብሎ ያነብና «እሺ፣ እናንተም ደህና እደሩ! ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም በሉልኝ!» ይላል፤ ጎረቤት እንግዳ ያለው እንዲመስለው።

መንገድ የሚዘጋበት ሰሞን ደግሞ ይብሳል። ተሳፋሪ የለ፣ ወሬ የለ። ዘሩ የቆመች መኪናው ውስጥ ገብቶ መሪውን ይዞ ይቀመጣል። ከጎኑ ያለውን ወንበር በጨርቅ ይወለውለዋል። የተቀመጠበት ሰው የለም፤ አቧራው ግን ሰው አይጠብቅም።

ነገሩ የጀመረው ማንኩሳ መግቢያ ላይ ነው። ሁለት ኮርማዎች ሲዋጉ እየተገፋፉ አስፋልቱ መሐል ገቡ። አንደኛው እንደማንኛውም ኮርማ ነው። ሁለተኛው ግን የጮቄ ተራራ ቀንድ አብቅሎ የተነሣ ነው የሚመስል። ሲተነፍስ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይረግፋል። ይህ ጉድ ባላጋራውን ትቶ ወደ ዲኤክሷ ዞረ። ሌላ ሹፌር ቢሆን መኪናውን ጥሎ እግሬ አውጪኝ ባለ። ዘሩ ግን መስታወቱን ዝቅ አደረገና «አንተ፣ እረፍ!» አለው። ኮርማው ሰማ። መስማቱን ለማሳየት አንዴ አንገቱን ነቀነቀ። ሲነቀንቅ ግን ቀንዱ ኮፈኑን፣ ማለትም የሞተሩን ክዳን፣ አገኘውና ብረቱን እንደ ወረቀት አጣጥፎት ሄደ። ከዚያ ወዲያ ኮፈኑ በገመድ ታስሮ ይሄድ ጀመር።

ይህን ገመድ አይታ ዝም ያላለች አንዲት ሰው ናት። ሕሊና ትባላለች። ቡሬ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ቤት አላት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ከሞተ ወዲህ የሚገዛት ሰው የለም፣ እሷም ማንንም አትገዛ። ሻይዋን የያዘ ሰው ሞት እንኳ ቢመጣበት «ቆይ፣ ልጨርስ» ነው የሚል።

«ምነዋ ዘሩ፣ መኪናህ ጥርሷን እንደታመመች ሴት አገጯን ታስራ መጣች?» አለችው።

«ጀግና ናት እኮ! ከዝሆን ጋር ተዋግታ ነው።»

«ተሳፋሪዎቹ ኮርማ ነው አሉ።»

«ከኋላ ሆነው ሲያዩት ኮርማ ይመስላል።»

«ታዲያ ዝሆኑ ምን ሆነ?»

«ጸጽቶታል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሣር አልቀምስም ብሏል አሉ።»

ሕሊና ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች። ዘሩ ያን ሳቅ እንዳይፈስበት ተጠንቅቆ እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ ተሸክሞት ይሄዳል። ያን ዕለት ግን ሳቋ ሳያልቅ ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች።

«የኅዳር ሚካኤል ንግሥ ደረሰ» አለች። «እናቴ አገር መሄዴ ነው። ዘንድሮም በእግሬ።»

«እኔ እያለሁ በእግርሽ?»

«የት ታስቀምጠኛለህ? ከኋላ፣ ከዶሮና ከድንች ጋር?»

«ከፊት!» አለ ዘሩ። ቃሉ ሳያማክረው ነው የወጣ።

በዚያ አገር ባል የሞተባት ሴት፣ በንግሥ ቀን፣ ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት፣ ከወንደላጤ ሹፌር ጎን የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ከታየች ሽማግሌ መላክ አያስፈልግም። ነገሩ አለቀ ነው። ይህን ሕሊናም ታውቃለች፣ ዘሩም ያውቃል፣ ዝንቡም ያውቃል።

«ከፊት» አለች ሕሊና ቀስ ብላ፣ ብርጭቆ እያለቀለቀች። «እንግዲያስ ሰው ፊት የምታቆም መኪና ይዘህ ና። አጎቶቼ ተረበኞች ናቸው።»

«አዲስ ኮፈን አስመጣለሁ! ሌላ ሰው አይነካውም፤ በገዛ እጄ ቀብቼ ነው ይዤው የምመጣ!»

«አንተ ቀለም ትችላለህ?»

«ቀለም? ቀለም እኔን ይችለኛል ወይ ብለሽ ጠይቂ።»

እንግዲህ የዘሩ ነገር ሁሉ አንድ ወንበር ላይ ወደቀ። ሕሊና ከተቀመጠችበት ቤት ሆነ፣ ጎጆ ሆነ፣ ሰው ሆነ። ካልተቀመጠችበት ደግሞ ያው የካርድ ማስታወቂያ ነው።

የዲኤክሷ የብረት ኮፈን ከገበያ ጠፍቷል ተባለ። አዲስ አበባ የሚመላለስ የአውቶቡስ ሹፌር ፈልጎ ፈልጎ ደወለለት። «ብረቱ የለም። የፋይበርግላስ ግን አለ፤ ፋብሪካው የሠራው ሳይሆን ሌሎች በልኩ ያወጡት።» ፋይበርግላስ ማለት የመስታወት ክር ከሙጫ ጋር ተላቁጦ በቅርፅ ውስጥ የሚደርቅ ነገር ነው፤ እንደ ላባ ይቀላል፣ እንደ ቀንድ ይጠነክራል። ዘሩ «እሱን ነው ስፈልግ የነበር» አለ፤ ስሙን የሰማው ግን ገና ያን ጊዜ ነው።

ኮፈኑ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ፍኖተ ሰላም ሲገባ ከተማው ሥራ ፈታ።

«የገላ መታጠቢያ ገንዳ ነው» አለ አንዱ።

«ኧረ ታንኳ ነው! አያ ዘሩ ዓሣ ሊያጠምዱ ነው።»

«በየት ውሃ?»

«ውሃውን በሚቀጥለው አውቶቡስ ያመጡታላ!»

ዘሩ «የአውሮፕላን ክንፍ ነው፤ ሌላኛው ነገ ይመጣል» አላቸውና ኮፈኑን ራሱ ላይ ገልብጦ ተሸከመ። ገና ጥቂት እንደሄደ ነፋስ መጣ። ኮፈኑ ነፋሱን ሲያገኝ እንደ አሞራ ተንሳፈፈና ዘሩን ከነጫማው ከመሬት አነሣው። ብር ወንዝን ቁልቁል አይቶታል። ገበሬው በቆሎውን ትቶ ሲያጨበጭብ ሰምቷል። ከላይ ሆኖ ያስተዋለው አንድ ነገር፣ በየግቢው ሰዎች ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው መቀመጣቸውን ነው። ነፋሱ ናሁሰናይ ጋራዥ በር ላይ በክብር አወረደው።

ናሁሰናይ የመኪና ቀለም ቀቢ ነው፤ የዘሩ እኩያና ተራቢ። ኮፈኑን አየ፣ በጥፍሩ መታ መታ አደረገና ራሱን ነቀነቀ።

«ስማኝ ዘሩ፣ ይሄ እንደ ብረት አይደለም። ሳትቀባው በፊት መጀመሪያ ግጠመው፤ ከቀባኸው በኋላ አልገባም ካለ ማልቀስ ነው። ከዚያ ፀሐይ ይምታው። ከዚያ በሳሙና እጠበው፤ አንዴ አይደለም፣ ደጋግመህ። ከቅርፁ እንዲላቀቅ ሰም ይቀቡታል፤ ቀለም ደግሞ ሰም ካለበት አያርፍም። ከታጠበ በኋላ በባዶ እጅህ እንዳትዳብሰው። የእጅ ወዝ እንኳ ያበላሸዋል።»

«ለእኔ ነው የቀለም ትምህርት? እኔ እኮ የጎጃምን ሰማይ የቀባሁ ሰው ነኝ።»

«አይቸዋለሁ፤ አንዳንድ ቦታ ነጣ ብሏል። ሁለተኛ እጅ ሳትደግመው ነው የወረድህ።»

«ደመና ነው እሱ!»

«ልርዳህ በቃ፤ ለንግሡ ይድረስልህ።»

«አይሆንም። በገዛ እጄ ብያለሁ።»

ናሁሰናይ ለማን እንዳለ ጠየቀው፤ ዘሩ ኮፈኑን ይዞ ወደ ግቢው ገባ። ናሁሰናይ መራዊ ሥራ ነበረውና የግቢውን ቁልፍና የቀለም መርጫውን ማሽን ትቶለት ሄደ። ዘሩ ዲኤክሷን አምጥቶ አስገባና በሩን ዘጋ። ግቢው ውስጥ እሱና ዲኤክሷ፣ ነጩ ኮፈንም፣ ብቻቸውን ቀሩ።

መቸም ዘሩ ሲያጥብ ያጥባል። የሳሙናው አረፋ በአጥር ዘሎ እስከ ባሕር ዳር መንገድ ሄዷል። ኮፈኑ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ሲቆም እንደ እርጎ ነጣ። ዘሩ ግን አንድ ነገር ጎደለበት። አዲስ ነገር ቤት ሲገባ፣ በሬም ይሁን መኪና፣ እናት ወይም የእናት ታላቅ ወጥታ ግንባሩን ቅቤ ትቀባለች፣ ቄጠማ ትነሰንሳለች፣ ትመርቃለች። እንዲያ ካልሆነ ገዛሁት ይባላል እንጂ አገኘሁት አይባልም። ዘሩ ወደ በሩ ተመለከተ። የዛገው ቆርቆሮ በር እንደተዘጋ ነው። እናቱ ከሞቱ ዘመን ሆኗል። እህቱ የት እንዳለች ከሰማ ቆይቷል። ቢጠራ የሚመጣ ሰው አሰበ፣ አሰበ፤ ከዚያ ተነሥቶ ገበያ ወጣና በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ገዝቶ ተመለሰ።

ጋቢውን እንደ አሮጊት በራሱ ላይ ተከናነበ። ድምፁን አቀጠነ።

«ልጄ ዘሩ፣ እንኳን ደስ ያለህ።»

ጋቢውን ገለጥ አድርጎ በራሱ ድምፅ «እንኳን አብሮ ደስ ያለን» አለ።

«መንገድህን ያቅናልህ።»

«አሜን!»

«ከኮርማም ከዝሆንም ይሰውርህ።»

«አሜን፣ አሜን!»

«ጎንህን ባዶ አያድርገው።»

እዚህ ላይ አሜን የሚለው ድምፅ ዘገየ። ያዘገየኝ የቅቤው ሽታ ነው ይላል ዘሩ፤ ምን ይመልሱለታል?

ሌላ ሰው ቢሆን ግንባሩን ነካ አድርጎ ይተው ነበር። ዘሩ ግን ጥቂት የሚባል ነገር አያውቅም። ኮፈኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለቀለቀው። ለአንድ አገር ሙሽራ የሚበቃ ቅቤ ያ ኮፈን ብቻውን ጠጣ። ፀሐዩ አቀለጠው፣ እየቀለጠ ገባ። በኋላ ዘሩ በጨርቅ ጠረገውና «ጸዳ» አለ።

ከዚያ ሊገጥመው ተነሣ። ኮፈን መግጠም የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ይይዛል፤ ከፍ ዝቅ እያደረጉ የማጠፊያውን ቀዳዳ ከቡሎኑ ያገናኙታል። ዘሩ በግራ ቆመ። ቀኙን በርጩማ ላይ ዱላ አቁሞ ደገፈው።

«ትንሽ ከፍ አድርግልኝ» አለ ወደ ቀኝ።

ከፍ ያደረገ የለም። ዞሮ ሄደ፣ ከፍ አደረገ፣ ተመልሶ መጣ። ግራው ወርዷል።

«ያዝ እንጂ ወዳጄ! ምን ዓይነት ሰው ነህ?»

እንዲያ እያለ ዲኤክሷን ሲዞር ዋለ። የዞረው ተዘርግቶ ቢለካ ካርቱም ያደርሳል። በመጨረሻ ቡሎኑ ገባ። ደስታው ልክ አልነበረውም። ቀና ብሎ ወደ ቀኝ በኩል «አየህ አይደል?» አለ። በርጩማው አየ።

ቀጥሎ ማሸት ነው። ቀለም እንዲይዝ ኮፈኑ በብርጭቆ ወረቀት፣ በውሃ እየራሰ ይታሻል። ቢርስም ግን ብናኙ አይቀርም፤ የመስታወት ክር ነውና ሰውነት ላይ ሲያርፍ ሳማ ምኑ ነው! ነፋሱ ወደ ገበያ ነፈሰ። ሻጩ ሚዛኑን ጥሎ ራሱን አከከ፣ ገዢው ዘንቢሉን ጥሎ እግሩን አከከ፣ አህያው በጉን አከከ። ፍኖተ ሰላም ያን ቀን በአንድነት አከከች። ሰው ግን እርስ በርሱ ተካከከና ዳነ። ዘሩ ክንዱን አከከ፣ አንገቱን አከከ። ጀርባ ላይ ደግሞ ከላይም ከታችም እጅ የማይደርስበት አንድ ቦታ አለ። ሳማው ሁሉ ወደዚያ ሄዶ ሰፈረ። ዘሩ ከግቢው የባሕር ዛፍ ምሰሶ ጋር ጀርባውን ገጥሞ ወዲያና ወዲህ ሲል ዓይኑ እንባ አቀረረ። ምሰሶው ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘንበል ብሏል፤ ሄዶ ማየት ይቻላል።

የንግሡ ዋዜማ ጧት ቀለሙን ሞላ፣ ማሽኑን አስነሣ። ሰማያዊው እንደ ጭጋግ እየተነፋ ኮፈኑ ላይ አረፈ። አበራ። ጣናን አጥፈው ያነጠፉት መሰለ። ዘሩ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ የፊተኛውን ወንበር አየ፣ ኮፈኑን አየ፣ እንደገና ወንበሩን አየ። ነጭ ቀሚስ ታየው።

ሲመለስ ኮፈኑ ላይ አንዲት ክብ ነጥብ አገኘ። ቀለሙ ዙሪያዋን ሸሽቶ ነጩ ብቅ ብሏል፤ ልክ ዓይን መግለጥ እንደጀመረች ድመት። ሌላም ነጥብ ተከተለቻት። ደጋግሞ ሲነፋበት ብሰው ወጡ። ከዚህ ሲሸፍን ከዚያ ይከፈታል። ኮፈኑ በመቶ ዓይን፣ በሺህ ዓይን አፍጥጦ ያየው ጀመር። ዘሩ ብዙ ዘመን እንዲህ ያፈጠጠበት ሰው አልነበረምና መግቢያ አጣ።

ናሁሰናይ ከመራዊ ተመልሶ በሩን ሲከፍት ዘሩ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር።

«በስመ አብ! ኮፈን ነው ወይስ ፈንጣጣ የወጣበት ሰው?» አለና ጠጋ ብሎ አሸተተ። «ዘሩ፣ ይሄ ነገር ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ይሸታል። ምን አስነካኸው?»

«ምርቃት ነው።»

«ቅቤ? ፋይበር ላይ? ማን ነው የመረቀህ?»

ዘሩ ጋቢው ላይ ያለችውን የቅቤ ጠብታ በአውራ ጣቱ ሸፈናት። ናሁሰናይ አየና ተረቡን ዋጠው። ከጎኑ ሊቀመጥ አለና እንደገና ቆመ፤ እንዲህ ያለ ነገር አለመደባቸውም።

«መላጥ አለበት» አለ በመጨረሻ። «መታጠብ፣ እንደገና መታሸት። ለነገ አይደርስም ወንድሜ።»

ለሌላ ሰው አይደርስም። ዘሩ ግን ተነሣ። ጥቁር ቀለምና ቀጭን ብሩሽ አመጣ። እያንዳንዷን ዓይን ዳር ዳሯን ኳላት።

«ነብር ነው!» አለ። «ከመጀመሪያውም ነብር ነበር ያሰብሁ።»

ናሁሰናይ አፉን ከፈተ፤ መዝጊያው ጠፋው።

በነጋታው የሆነውን ጎጃም ያውቀዋል። ዲኤክሷ ከፍኖተ ሰላም ስትወጣ ውሻ ሁሉ ጅራቱን ቆልፎ ከአልጋ ሥር ገባ። ማንኩሳ መግቢያ ላይ ያ ኮርማ ቆሞ ነበር። ነብሩን ሲያይ የፊት እግሩን አጥፎ ተንበረከከ፤ ዘሩም መስታወቱን ዝቅ አድርጎ «ይቅር ብየሃለሁ» አለው። ቡሬ ሲገባ ሰው ከቤት ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ መንገድ ፈሰሰ። ልልታው የመናኸሪያውን ቆርቆሮ አንኳኳው።

ሕሊና ወጣች። ነጭ ጥልፍ ቀሚስ ለብሳለች። ኮፈኑን አየች፣ አፏን በመዳፏ ሸፈነች።

«ነብር ላይ ልትጭነኝ ነው?»

«አንቺን ሲያይ ድመት ይሆናል።»

የኋላውን በር አልፋ የፊተኛውን ከፈተች። ተቀመጠች። ወንበሩ ሲጥ አለ፤ ስንት ዘመን የቆየ ድምፅ ነው የወጣ! መንገዱን ሙሉ እሷ ከመሐረቧ ቆሎ እየዘገነች መዳፉ ላይ ታፈስለታለች፤ እሱ ባንድ እጁ እየነዳ ይቆረጥማል። ይህን ሲያወራ ዘሩ ኮርማውንም፣ ልልታውንም ይረሳል። ቆሎው የገብስ እንደነበር፣ ትንሽ ጨው እንደበዛበት፣ ጣቷ መዳፉን አንዴ እንደነካው ይናገራል። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲደርሱ አጎትየው በከዘራቸው ወደ ዘሩ እያመለከቱ «ይኼ ደግሞ ማነው?» አሉ። ሕሊናም ከወንበሩ ሳትወርድ «የእኔ ነው» አለች።

ሙሉው ታሪክ ይህ ነው። ዘሩ ራሱ ባለፈው ሳምንት እዚያው ሕሊና ሻይ ቤት ውስጥ፣ ጎማው የፈነዳበት አውቶቡስ ተሳፋሪዎችን ሰብስቦ፣ ቃል በቃል እንዲህ አድርጎ ነው ያወራላቸው። ዛሬ ዛሬ ዘሩ እዚያ ቤት የሚገባው ሕሊና ገበያ በምትውልበት ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ሻዩን የምትቀዳው የእህቷ ልጅ ትርሲት ናት።

«"የእኔ ነው" አለች?» አሉ አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ። ዓይናቸው በርቷል።

«በሰው ሁሉ ፊት!»

«ታዲያ ነብሩን አሳዩን እንጂ አያ ዘሩ!» አለ አንድ ወጣት። «የት ነው የቆመችው መኪናዋ?»

«ነብር በጠራራ ፀሐይ አይወጣም።»

ሳቁ፣ አጨበጨቡ። ዘሩ ተነሥቶ እጅ ሊነሣ ሲል ሽማግሌው ከእሱ አሻግረው በሩን ሲያዩ አየ። ዞረ። ሕሊና የበርበሬ ጆንያ ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ምን ያህል እንደቆመች አይታወቅም። ጆንያውን ለትርሲት ሰጠች፣ መቀነቷን አራገፈች።

«የቤቱ እመቤት እርስዎ ነዎት?» አሏት ሽማግሌው ብድግ ብለው። «እንኳን መጡ! ይኼ ሰው የሚሉት እውነት ነው?»

ሕሊና ዘሩን አየችው። ቁጣ አልነበረባትም። የተቀመጡትን ብርጭቆዎች ሰብስባ ትሪው ላይ ደረደረች፤ ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሣ ተናገረች።

«ኮፈኑ ናሁሰናይ ግቢ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ነጭ ነው። ብርጭቆ ወረቀትም ቀለምም አልነካው።»

ዘሩ የሻዩን ማንኪያ ይዞ ቀረ።

«የሚካኤል ዕለት እኔ ለብሼ እደጄ ላይ ተቀምጬ ዋልሁ» አለች። «ያችን በገመድ የታሰረችውን ይዞም ቢሆን ይመጣል ብዬ ነበር። አልመጣም።»